የጋሼ ሙህዬ ማክሰኞ

በ2096 ዓ.ም. ደሴ ከተማ ውስጥ መጽሐፍ ለመዋስ ሦስት ነገር ያስፈልግ ነበር፦ የነዋሪነት መታወቂያ፣ ጤነኛ ዐይንና ዋስ። መታወቂያ የሌለው ሰው የለም። ዐይንም ቢሆን ከሞላ ጎደል ይገኛል። አስቸጋሪው ዋሱ ነበር።

መዲና ይመር ዋስ ፍለጋ ከቤቷ የወጣችው በጥቅምት መጀመሪያ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። የአርባ አራት ዓመት ሴት ናት። በመናኸሪያው ስምሪት ክፍል ተቀምጣ፣ ያለ ሹፌር ገብተው ያለ ሹፌር የሚወጡትን አውቶቡሶች ስትቆጣጠር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ቁጥጥሩም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ አውቶቡሶቹ ያደረጉትን አይቶ "ትክክል" ማለት ነው። በዚያ ሰሞን የፈረቃ ኃላፊው ጡረታ ወጣና ቦታው ተለቀቀ። ሹክታዋ ማስታወቂያውን በጆሮዋ ስታነብላት መዲና መስፈርቱን ሁሉ አሟልታ ተገኘች፤ ከመጨረሻው መሥመር በቀር። አመልካቹ ባለፉት ስድስት ወራት ቢያንስ አንድ መጽሐፍ በገዛ ዐይኑ ማንበቡ የተረጋገጠ መሆን አለበት ይላል።

ሹክታ የምስር ፍሬ የምታህል ነገር ናት። ሰው ጆሮ ውስጥ ተቀምጣ የሱቁን ሰሌዳ፣ የመድኃኒቱን ማዘዣ፣ የፍርድ ቤቱን መጥሪያ ሁሉ ታነብለታለች። አገሩ አርባ ዓመት ሙሉ ሲያዳምጥ ኖሮ አንድ ቀን ማንበብ እንደጠፋበት ሲያውቅ መንግሥት ደነገጠ፤ ደንግጦም ንባብን መስፈርት አደረገው። ለሥራ ዕድገት ንባብ፣ ለቤት ዕጣ ንባብ፣ ልጅ ለማስመዝገብ ንባብ ተባለ። ለዘመናት ዝር የሚልበት ያልነበረው የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት በአንድ ዓመት ውስጥ ሰልፉ አስፋልቱ ድረስ ወረደ። የሚሰለፈው ሰው ሁሉ መጽሐፍ ይፈልጋል፤ ማንበብ የሚፈልገው ግን በጣት የሚቆጠር ነበር።

መዲና መጀመሪያ የሄደችው ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ዘንድ ነው። ጎረቤቷ "ለሌላ ነገር ቢሆን እሺ፣ ለመጽሐፍ ግን ይቅርብኝ" አለቻት። የሥራ ባልደረባዋ ራሱን እንዳመመው ነገራት። የአክስቷ ልጅ ጭራሽ ከቤት የለም ተባለ፤ ድምፁ ግን ከጓዳ ይሰማ ነበር። መዲና ይኼ ሁሉ ሰው ምን እንደሚያስፈራው አልገባትም። መጽሐፍ ቢጠፋ ነው እንጂ ዋስ በምን ይጠየቃል? እሷ ደግሞ ዕቃ አትጥልም።

በመጨረሻ ከቤቷ ዝቅ ብሎ ወዳለው ግቢ ወረደች። ጋሼ ሙህዬ አሊ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ጡረታ እስኪወጡ በመናኸሪያው የአውቶቡስ ወንበር ይሰፉ ነበር፤ መዲና አዲስ ስትቀጠር ሻይ የጋበዟት፣ አለቃ ሲቆጣት "ተዋት፣ ትለምዳለች" ያሉላት እሳቸው ናቸው። ሹክታ አልወሰዱም። "ጆሮዬ ውስጥ ተከራይ አላስገባም" ይላሉ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ በየማክሰኞው ጠዋት ጥቁር ዘምቢላቸውን አንጠልጥለው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይወጣሉ፣ አንድ መጽሐፍ መልሰው አንድ ይዘው ይወርዳሉ። ሰልፍ የሚባል ነገር ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ እንዲሁ ናቸው።

"ጋሼ፣ ላስቸግርዎት ነው የመጣሁ" አለቻቸው።

"አስቸግሪኝ እንጂ። ማን አስቸግሮኝ ያውቃል?"

ነገረቻቸው። እሳቸው ስለ ዕድገቱ አልጠየቁም፤ ዐይናቸው የበራው መጽሐፍ ልታነብ ነው ሲባሉ ነው። "ልታነቢ ነው? በይ ደግ አደረግሽ። ላንቺማ ዋስ ሳልሆን ለማን ልሆን ነው።"

ማክሰኞ አብረው ወጡ። ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምረው ተሰልፈው አራት ሰዓት ላይ መስኮቱ ጋ ደረሱ። ከመስኮቱ ኋላ የምትቀመጠው ወይዘሮ ትርንጎ ናት፤ ሰፊ ፊት፣ የደከመ ድምፅ ያላት ሴት። ስማቸውን መዝግባ ሳትጨርስ "ሲስተም የለም" አለች። ይህች ቃል ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ በዚህ አገር መስኮቶች ኋላ ስትወራረስ የኖረች ናት፤ አውቶቡስ ያለ ሹፌር ሄደ፣ ሆስፒታል ያለ ሐኪም አከመ፣ ሲስተም ግን እንደ ጥንቱ በፈለገው ሰዓት ይሄዳል፣ በፈለገው ሰዓት ይመጣል። አምስት ሰዓት ላይ መጣ። መዲና አጭር መጽሐፍ ፈልጋ ነበር፤ አጫጭሮቹ በሙሉ ተይዘው ወረፋቸው እስከ ሰኔ ደርሷል። አለ የተባለው አንዱ ደግሞ ኮምቦልቻ ነው ያለው። በመጨረሻ የተገኘው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ያለው፣ ከአፋር ጨው ስለሚያመላልሱ ሰዎች የሚተርክ ልቦለድ ነበር።

ትርንጎ ሰባት ገጽ የዋስትና ውል በወረቀት ሰጠቻቸው። መዲና ሹክታዋን በሦስት እጥፍ ፍጥነት አስነብባ፣ ከመካከሉ አንዲት ቃል እንኳ ሳትይዝ ፈረመች። ጋሼ ሙህዬ መነጽራቸውን አወጡ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ ሰባተኛው አነበቡት፤ አራተኛው ገጽ ላይ ቆም ብለው መዲናን ቀና ብለው አዩዋትና ቀጠሉ። ከኋላ ያለው ሰልፈኛ ማጉረምረም ጀመረ። መዲና አፈረችባቸው፤ እንዲህ ያለ ቀርፋፋ ሽማግሌ ይዛ በመምጣቷ አፈረች። በኋላ ይህን ስታስታውስ ነው ፊቷን መሸፈን የሚያምራት።

"ሃያ አንድ ቀን አለሽ" አሉ ፈርመው ሲጨርሱ። "ሲያልቅ ደግሞ ትነግሪኛለሽ፤ እኔ ካነበብኩት አሥር ዓመት ይሆነኛል። በዚህ ሰፈር ስለ መጽሐፍ የማወጋው ሰው አጥቼ ነው የከረምኩ።"

የቤተ መጻሕፍቱ ገጾች ዐይን የት እንዳረፈ ያውቃሉ። መዲና የመጀመሪያውን ማታ በቅንነት ሞከረች። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሦስተኛው ቃል ላይ ስትደርስ የመጀመሪያው ይጠፋባታል። በአንድ ሰዓት ሁለት ገጽ ተኩል ሄደች፣ ራሷን አመማት። በማግስቱ አንዷ ባልደረባዋ ብልሃቱን አሳየቻት። ዐይንን በየመሥመሩ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ነው፤ በሬ ትልምን ይዞ እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚያርስ ሳያስብ። ጆሮ ደግሞ ሥራ እንዳይፈታ ሹክታ ተከታታይ ድራማ ትከፍታለች። እንዲህ ሆኖ መጽሐፉ በአራት ቀን አለቀ። ዋናዋ ባለታሪክ ለምን እንዳገባች፣ ልጅቷ ለምን ከእናቷ ጋር እንደተኳረፈች መዲና ጠንቅቃ አወቀች፤ ይህ ግን የድራማው ነበር።

በአምስተኛው ቀን ጋሼ ሙህዬ መንገድ ላይ አገኟት። "እሺ፣ ደረስሽ? ለመሆኑ ከሰዎቹ ማንን ወደድሽ?"

"ኧረ ሁሉንም ጋሼ። ሁሉም ደግ ሰዎች ናቸው።"

"ሁሉም" አሉና ሳቅ ብለው አለፉ። ለመዲና ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ።

መጽሐፉን የመለሰችው ሐሙስ ዕለት ነው። ትርንጎ ተቀብላ ገበታው ላይ አኖረችውና "አንዲት ጥያቄ ብቻ" አለች። ጥያቄውን የሚያወጣው መጽሐፉ ራሱ ነው። "በመጨረሻው ሌሊት፣ ለመንገደኞቹ በሩን የከፈተላቸው ማነው?"

መዲና ሹክታዋን ጠበቀች። ሹክታ በመስኮቱ ዙሪያ አትሠራም። "እናትየው" አለች።

በመስኮቱ መስታወት ላይ አንድ ቃል ብቻ ወጣ፦ "አልተነበበም"። ከሥሩ ደግሞ ሌላ ጽሑፍ ተከተለ። ትርንጎ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበችላት፦ ዋስ ሙህዬ አሊ ከዛሬ ጀምሮ ለሦስት ዓመት መጽሐፍ ከመዋስ ታግደዋል።

"እሳቸው ምን አደረጉ?" አለች መዲና። "ያላነበብኩት እኔ ነኝ።"

"አራተኛው ገጽ ላይ አለ እኮ እህቴ። ድሮ ተዋሹን ነበር የሚቀጡት። ተዋሽ ደግሞ ምን ገዶት? ድሮም መጽሐፉን አይፈልገውም። ዋስ ሲቀጣ ግን ተዋሹ ያፍራል ተባለ፤ በዚያ ነው ደንቡ የተለወጠ።" ትርንጎ መጽሐፉን ወደ ኋላ አሳለፈችው። "ማን ይንገራቸው? ደብዳቤ ይላክ ወይስ አንቺ?"

"እኔ እነግራቸዋለሁ" አለች መዲና።

አልነገረቻቸውም። ዓርብ ሥራ በዛባት። ቅዳሜ እስከ በራቸው ወርዳ፣ ከውስጥ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰምታ ተመለሰች። እሑድ እንግዳ መጣባት፤ ባይመጣባትም ሰበብ አታጣም ነበር። ሰማንያ አንድ ላይ ሦስት ዓመት ሲደመር ስንት እንደሆነ ለማወቅ ሹክታ አያስፈልግም። ማክሰኞ ጠዋት በመስኮቷ ስታይ ጋሼ ሙህዬ ዘምቢላቸውን አንጠልጥለው፣ ጫማቸውን አስጠርገው ወደ ላይ ይወጣሉ። መጋረጃውን ለቀቀችው። ሮጣ ልትደርስባቸው ትችል ነበር፤ ዳገቱን የሚወጡት በየሃያ እርምጃው እያረፉ ነው። ቆማ አየቻቸው እንጂ አልሮጠችም።

እኩለ ቀን ላይ ባዶ ዘምቢል ይዘው ወረዱ። በር ላይ የተቀመጠች አንዲት ጎረቤት "ምነው ዛሬ ባዶዎን ጋሼ?" ስትላቸው መዲና ከግቢዋ ውስጥ ሰማች።

"ሲስተም የለም አሉኝ" አሉ።

መዲና ትንፋሿ መለስ አለ። እንግዲያው ገና አላወቁም፤ ሲስተም ሳይኖር ቀርቶ አምላክ አንድ ሳምንት ጨመረላት። በዚያ ሳምንትም አልነገረቻቸውም። በሚቀጥለው ማክሰኞ ጋሼ ወጡ፣ ባዶ ዘምቢል ይዘው ወረዱ፤ ሲስተም የለም አሉ። በሚቀጥለውም እንደዚያው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና መዲና መንገዷን በላይኛው በር አዞረች። ሰላምታዋ አጠረ። ከሩቅ ካየቻቸው የረሳው ነገር እንዳለ ሰው ቦርሳዋን ትፈትሻለች።

በኅዳር ማለቂያ መሥሪያ ቤቱ አመልካች ስላጣ የንባቡን መስፈርት ለዚህ ጊዜ ብቻ አነሣው፤ ቦታውንም ለመዲና ሰጣት። ጎረቤት እንኳን ደስ ያለሽ ሊላት ተሰበሰበ። ጋሼ ሙህዬም መጡ፣ የተጠቀለለ ሻሽ አምጥተውላት። ዋስ አልሆንም ያለችው ጎረቤቷ ብርጭቆዋን ይዛ "አየሽ፣ ማንበብ ከንቱ አይቀርም!" አለች በሙሉ አፏ። ሰው ሁሉ "እውነት ነው" አለ። መዲና ወደ ጋሼ ሙህዬ ማየት አቃታት፤ ስታይ ደግሞ እሳቸው ሻያቸውን ያማስላሉ። ስኳር አልጨመሩበትም ነበር።

ያን ጊዜ ነው ያውቁ ይሆን ብላ መጠርጠር የጀመረችው። በማግስቱ ከሥራ አስፈቅዳ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ወጣች፤ ረቡዕ ነበር፣ ሰልፉ ሳሳ ብሏል።

"ሲስተም ማክሰኞ ማክሰኞ ይጠፋል እንዴ?" ብላ ጠየቀች።

ትርንጎ ለረጅም ጊዜ አየቻት። "አልነገርሻቸውም።"

"አልነገርኳቸውም።"

"እኔ ነኝ የነገርኳቸው፤ የመጀመሪያው ማክሰኞ። ዋስ ተታልያለሁ ብሎ ተዋሹን ከከሰሰ ዕገዳው ከሱ ይነሣል፣ ወደ ተዋሹ ይዞራል፣ በነዋሪነት መዝገቡ ላይ ይጻፍበታል። የክስ ቅጹን አውጥቼ ሰጠኋቸው። 'የሰው ልጅ ስም ላበላሽ? ታነባለች ብዬ የፈረምኩ እኔ ነኝ' አሉና መለሱልኝ። ከዚያ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ?" ትርንጎ ዐይኗን ጠረገች፤ ይህ ሥራዋ ውስጥ የሌለ ነገር ነው። "'ልጄ፣ ሰው እንዲሰማ ጮክ ብለሽ ሲስተም የለም በይኝ' አሉኝ። በየማክሰኞው ይሰለፋሉ፣ በየማክሰኞው ሲስተም የለም እላቸዋለሁ። ባለ ሁለት ቅጽ ልቦለድ ጀምረው ነበር፤ አንደኛውን ጨርሰው መልሰዋል። ሁለተኛው ያውልሽ፣ ከኋላዬ መደርደሪያ ላይ። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ያዩታል።"

መዲና ቀና ብላ አየችው። ቡናማ ጀርባ ያለው ወፍራም መጽሐፍ ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር፤ እንዲህ ያለ ዕፍረት በሕይወቷ ደርሶባት አያውቅም። ራሴን ልክሰስ ብትል እንዲህ ያለ ቅጽ የለም ተባለች።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ጋሼ ሙህዬ ቤት ገባች። ተቀመጪ አሏት፣ ተቀመጠች። "ጋሼ፣ ያን መጽሐፍ..." ብላ ስትጀምር እጃቸውን አነሡ።

"ስለ ሥራሽ አውጊኝ። ኃላፊነት እንዴት ነው? አውቶቡሶቹ ይታዘዙሻል?"

"ጋሼ፣ ልናገር እንጂ።"

"ተይው ልጄ። አንዳንድ ነገር ሲናገሩት ይበዛል።" ይህን ያሉት በፈገግታ ነው፤ ፈገግታው ግን እንደ መዝጊያ ነበር። መዲና ስለ አውቶቡስ ስታወራ አምሽታ ሄደች። መንገድ ላይ በራሷ ተናደደች። ይቅርታዋን አለመቀበላቸው ሳይሆን፣ ተሸክማው እንድትኖር መተዋቸው አስጨነቃት። የሆነ ቦታ ላይ ማራገፍ አለባት።

ማክሰኞ ከጋሼ ሙህዬ ኋላ ሦስተኛ ሆና ተሰለፈች። አላዩዋትም። ሰልፉ በደንብ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ከፊታቸው የነበረችው ወጣት መጽሐፏን ተቀብላ ወጣች። ጋሼ መስኮቱ ጋ ደረሱ፣ ዘምቢላቸውን ገበታው ላይ አኖሩ፣ ቀና ብለው መደርደሪያውን አዩ።

"ሲስተም የለም፣ ጋሼ" አለች ትርንጎ ጮክ ብላ።

"እንግዲህ ምን ይደረጋል" አሉ እሳቸውም ጮክ ብለው። ዘምቢላቸውን አነሡ።

ከኋላቸው የቆመ ጎልማሳ ሳቀ። "አሁን ልጅቷ ወስዳ አልወጣችም እንዴ? ጋሼ፣ ይኼ ሲስተም እርስዎን ሲያይ ነው እንዴ የሚጠፋው? ወይስ መርሳት ጀመሩ፣ መታወቂያዎን ጥለው እየመጡ ይሆን?" ሰልፉ ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ሽማግሌ ላይ የሚሳቅ ሳቅ ነው። ጋሼ ሙህዬም አብረው ሊስቁ ሞከሩ።

መዲና ከሰልፉ ወጣች። "ሲስተም አለ" አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። "ጋሼ ሙህዬ የታገዱት በእኔ ነው። ዋሴ ሆነው ሳላነብ መለስኩ። አንብቤያለሁ ብዬ ዋሸኋቸው። ሦስት ዓመት ታገዱ፣ እኔ ዕድገት በላሁ። እሳቸው ስሜን ለመሸፈን ነው በየሳምንቱ ቆመው የሚመለሱት።"

መዲና ከደረቷ ላይ ድንጋይ እንደወረደላት ተሰማት፤ አዎ፣ ለአንዲት አፍታ ቀለላት። ከዚያ ጋሼ ሙህዬን አየቻቸው።

ሽማግሌው ፊታቸው አመድ መስሏል። ሰልፈኛው ሁሉ ያያቸዋል፤ የሚያውቋቸው፣ ሠላሳ ዓመት ሰላም ያሏቸው ሰዎች። ሰው የሚያየው ደግሞ መዲናን አልነበረም። ዘምቢላቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ያዙት።

"ልጄ" አሉ በዝግታ፣ እሷ ብቻ እንድትሰማ፤ ግን ሁሉም ሰማ። "መታገዴን እኮ ማንም አያውቅም ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ እዚህ ቆሜ፣ እንደ ሰው ተሰልፌ እመለስ ነበር። አሁን በምን ልምጣ?"

መልስ አልጠበቁም። ጎልማሳው መንገድ ለቀቀላቸው፣ አንገቱን ደፍቶ። በበሩ ወጥተው ቁልቁለቱን ሲወርዱ በመስታወቱ ይታዩ ነበር፤ በየሃያ እርምጃው አላረፉም።

ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመች መዲና አታውቅም። ከፊቷ የነበሩት መስኮቱን ለቀቁላት እንጂ አልቀደሟትም። ትርንጎ ዐይኗን ገበታው ላይ ተክላ፣ በዚያው በደከመ ድምፅዋ "ምን ነበር?" አለቻት።

መዲና ወደ መደርደሪያው ጠቆመች። "ያን ሁለተኛ ቅጽ። እኔ ልዋሰው። አንደኛውንም። አነባቸዋለሁ፤ ቀስ ብዬም ቢሆን፣ ጮክ ብዬ፣ እሳቸው ቤት ተቀምጬ አነብላቸዋለሁ።"

"ይቻላል" አለች ትርንጎ። "አንቺ አልታገድሽም።" ሰባቱን ገጽ አውጥታ በመስኮቱ ሥር አሳለፈችላት። "ዋስ አለሽ?"

መዲና ዞር አለች። ከመስኮቱ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ አስፋልቱ ሰው ተሰልፏል። የአክስቷ ልጅ አለ፤ ያ ራሱን ያመመው ባልደረባዋም አለ። አንዱ ጣሪያ ያያል፣ አንዱ ጫማውን፣ አንዷ ሹክታዋ የምትነግራትን የምታዳምጥ መስላለች። ከመካከላቸው ዐይኗን ያየ አልነበረም።

ወደ መስኮቱ ተመለሰች።

"የለኝም" አለች።